ጥያቄያችንን ለማን? መቼ?

ዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን! የምረቃችን ጊዜ ሲቃረብ በየመኝታ ክፍሉ የሚነሣው ወሬ አንድ ነው፤ «የት ይመድቡን ይሆን?» የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ደመወዛችንን የሚከፍለው፣ ለትምህርት ቤታችንም በጀት የሚመድበው ማን እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? እስቲ የአማራ ክልልን አብነት አድርገን እንየው።

በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ በጸደቀው የክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት ወረዳ የራሱ ምክር ቤት፣ የአስተዳደር ምክር ቤትና ፍርድ ቤት አለው። ዕቅድና በጀት የሚያጸድቀው ከየቀበሌው የሚመረጡ ተወካዮች የሚቀመጡበት የወረዳው ምክር ቤት ነው። በዋና አስተዳዳሪው የሚመራው የአስተዳደር ምክር ቤት ደግሞ ያስፈጽማል፤ በሥሩም የትምህርት፣ የጤና፣ የግብርና፣ የውሃና የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ይሠራሉ። ዞን በአብዛኛው የክልሉ አስተባባሪ እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው አይደለም፤ እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ግን ምክር ቤት አላቸው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ክልሉ በቀመር እያሰላ ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ ይሰጣል። ወረዳው ይህንኑ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለየጽሕፈት ቤቱ ይደለድላል። የደመወዝ እርከኑን የሚያወጣው ወረዳው አይደለም፤ የአንደኛ ደረጃ መምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ግን እሱ ነው። አብዛኛው በጀት በደመወዝ ስለሚያልቅ ለጠመኔና ለመቀመጫ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የጎደለውን ማን ይሞላዋል? ያው ወላጁ ነዋ!

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የመምህር ሥራው ማስተማር ነው፤ በጀት የአስተዳዳሪ ጉዳይ ነው» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ያችኑ ጥቂት ገንዘብ ጤና ጣቢያውም፣ የግብርና ጣቢያውም ይፈልጋታል። ዝም ያለ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ትራፊ ነው። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚማረው ሕፃን ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ «ዴስክ የለም!» ብለን ብንጮህ የሚሰማን ድልድሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

እንግዲህ የምንመደብበት ትምህርት ቤት የሚጎድለውን በቁጥር ጽፈን፣ ከወላጅና መምህራን ኅብረት ጋር ተመካክረን፣ በርዕሰ መምህሩ በኩል ሚያዝያና ግንቦት ላይ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እናድርስ። ግልባጩም ቀበሌውን ወክሎ ምክር ቤት ለሚቀመጠው ተመራጭ ይድረሰው፤ እጁን የሚያወጣው እሱ ነውና። መምህራኖቻችንም ከምረቃችን በፊት የአንድ ወረዳ በጀት ሰሌዳ ላይ ዘርዝረው ቢያሳዩን ውለታቸው ከእኛ አልፎ ለነገ ተማሪዎቻችን ይደርሳል።