ቫይታሚን ሲ በደም ሥር፦ ለካንሰር ታማሚ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

ይሰጥ ባይ

አክስቴ የቆሽት ካንሰር እንዳለባት ስታውቅ በሽታው ጉበቷን ይዞ ነበር። ከኬሞቴራፒው ጎን ለጎን ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በደም ሥሯ እንዲሰጣት ሐኪሟን ለመነች። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ማስረጃ የለውም» አላት። ለምን እንደማይሆን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው አልነበረም።

ሐሳቡ የመንደር ወሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ኢዋን ካሜሮንና የሁለት ኖቤል ባለቤቱ ሊነስ ፓውሊንግ ናቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ያቀረቡት። የአሜሪካው የሕክምና ተቋም ማዮ ክሊኒክ መርምሮ «አይሠራም» ቢልም፣ ለታማሚዎቹ የሰጠው በአፍ ብቻ ነበር። ካሜሮን ግን በደም ሥርም ይሰጡ ነበር። በአፍ ሲወሰድ አንጀት ከተወሰነ መጠን በላይ አያሳልፍም፤ በደም ሥር ሲገባ ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በዚያ መጠን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየፈጠረ የካንሰር ሕዋሳትን ሲገድል በቤተ ሙከራ ታይቷል።

የቫይታሚን ሲ ፓተንት በማንም እጅ የለም፤ ስለዚህ ለትልቅ ጥናት ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ አይገኝም። አትራፊ ስለሌለው ብቻ ታማሚ ተስፋ ይነፈግ ማለት ግፍ ነው።

አይሰጥ ባይ

ቁጥሩን እንይ። ካሜሮንና ፓውሊንግ 100 ታማሚዎችን ያነጻጸሩት ከሆስፒታል መዝገብ ከተለቀሙ 1,000 ሰዎች ጋር ነው፤ በዕጣ የተመደበ አንድም ታማሚ አልነበረም። ማዮ ግን በዕጣ መድቦ እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1985 ሁለት ጊዜ አጣርቶ ጥቅም አላገኘም።

በደም ሥር ይሁን ከተባለም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የቻይና ጥናት የተሠራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለባቸውን 442 ታማሚዎች አካቷል። ከኬሞው ጋር ቫይታሚኑን ያገኙት በሽታው ሳይባባስባቸው 8.6 ወር ቆዩ፤ ያላገኙት 8.3 ወር። ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ አይለይም።

ጉዳትም አለው። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱበት ይችላሉ፤ ኩላሊቱ የደከመውም ሊብስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ ካንሰራቸው ሳይሠራጭ በአማራጭ ሕክምና ብቻ የቆዩ ታማሚዎች የሞት አደጋቸው መደበኛ ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል።

ይሰጥ ባይ ሲመልስ

አክስቴን «ሕክምና ትተው» ከጠፉት ጋር መደመር ምን ይሉታል? ኬሞዋን አንድም ቀን አላቋረጠችም! የጠየቀችው ተጨማሪ ነው። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናትም የፈተሸው ይህንኑ ነው፤ የተሠራጨ የቆሽት ካንሰር ያለባቸው ታማሚዎች ከኬሞው ጋር 75 ግራም በሳምንት ሦስት ጊዜ በደም ሥር ሲሰጣቸው በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ኬሞ ብቻ ካገኙት 8.3 ወር ወደ 16 ወር ከፍ አለ። ወደ ስምንት ወር የሚጠጋ ጊዜ ለእናት ልጇን ለመዳር ይበቃል። ይህን በቁጥር ሚዛን ላይ አልሰፍርም።

አይሰጥ ባይ ሲመልስ

«አትራፊ የለውም» የሚለው ነው ያስቆጣኝ። በአሜሪካና በአውሮፓ የግል ክሊኒኮች ይህንኑ ርካሽ ቫይታሚን በደም ሥር እየሰጡ ታማሚውን ከኪሱ ያስከፍሉታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መዳን የሚሻ ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል። የአዮዋው ጥናት የያዘው 34 ሰው ብቻ ነው፤ በትልቅ ጥናት እስኪረጋገጥ ድረስ ቫይታሚኑ መሰጠት ያለበት በጥናት ውስጥ፣ በነፃ፣ ኩላሊትና ደም ተመርምሮ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ቤተሰብዎ ውስጥ ታማሚ ካለ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የካንሰር ሐኪሙን ያማክሩ።