እንዝርትና የሹራብ መርፌ በጉንደ ወይን

ክረምት ሲገባ የጎጃም ደጋ ሴት እጇ ከሥራ አይፈታም። ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ መንገዱን ሲያጨቀየው ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ተማሪውም ቤት ይውላል። በዚህ ጊዜ ነው እንዝርቱ ከተሰቀለበት የሚወርደው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅም የዘንድሮውን የዓመት ፈቃዷን በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በጉንደ ወይን፣ በአክስቷ ቤት ስላሳለፈች፣ ያየችውን ለእናቶችና ለእኅቶች ማካፈል ትወዳለች።

በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሙያ አለ። አክስቴ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ምራታቸው ደግሞ ሹራብ ትሠራለች። ጥጥ በደጋ አይበቅልምና አክስቴ ከቆላ የመጣውን ከገበያ ይገዛሉ። ፍሬውን በመዳመጫ ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን ይዘው እንዝርቱን በጭናቸው ላይ ሲያሾሩት ክሩ ያለ አንዳች መቋረጥ ይሳባል። እኔ ስሞክረው ግን አንዴ እየወፈረ አንዴ እየተበጠሰ የቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ዱሮ ድሩም ማጉም በቤት ይፈተል ነበር። አሁን ሸማኔው አብዛኛውን ጊዜ ለድሩ የፋብሪካ ክር ስለሚጠቀም፣ ከቤት የሚወስደው ማጉን ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነውና የአንድ ጋቢ ማግ የአክስቴን ክረምት ሙሉ ይወስዳል። የድካማቸውን ዋጋ በወረቀት አስልቼ ልነግራቸው ብሞክር፣ «ታዲያ ቁጭ ብዬ ዝናቡን ልቁጠር አንች ልጅ?» አሉኝ።

ምራታቸው ሹራብ የለመደችው ከጎረቤት ሲሆን፣ መጀመሪያ ለገዛ ልጇ፣ ኋላም ለሰው መሥራት ጀመረች። ዘንድሮ ለዘመን መለወጫ ስድስት የልጆች ሹራብ ታዝዞላት ነበር። ከቀብድ ባገኘችው ገንዘብ ሞጣ ወርዳ «ሱፍ ክር» የተባለውን፣ ቀይና ሮዝ፣ ገዝታ መጣች። እጇ ፈጣን ነው፤ ዐይን ሳትቆጥር ትሠራለች፣ አንዲት ዐይን ብታመልጣት ግን በጨለማም ቢሆን ይታወቃታል። የሕፃን ሹራብ አንገቱ ሰፋ ማለት እንዳለበት ያስተማረችኝ እርሷ ናት፤ የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትልቅ ስለሆነ፣ ጠባብ አንገት ልጁን ያስለቅሳል፣ ክሩንም ይበጥሳል።

ነገሩ የተበላሸው በነሐሴ አጋማሽ ነው። የሦስት ዓመት ልጇ ከተረፈው ክር የተሠራለትን ሹራብ ለብሶ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ የባሕር ዛፉ እንጨት ጠጠት ብሎ ፍም እጅጌው ላይ አረፈ። ክሩ ነበልባል አልሆነም። እንደ ሰም ቀልጦ የልጁ አንጓ ላይ ተጣበቀ። አክስቴ ቅቤ ሊቀቡት ተነሡ፣ እናቱም የተጣበቀውን ልትስበው ነበር፤ ሁለቱንም ከለከልኩ። ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፣ የተጣበቀውንም መሳብ ቆዳ ይገፍፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፈሰስንበትና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። አሁን ድኗል፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ቀርታለታለች።

ያ ክር ሱፍ አልነበረም። አክሪሊክ የሚባለው፣ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦርሎን በሚል ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ማምረት ከጀመረ ወዲህ ዓለምን ሁሉ አዳርሷል። ርካሽ ነው፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ብል አይበላውም፣ በመታጠብም አይኮማተርም፤ ይህን ሁሉ መካድ አይገባም። ነገር ግን በእንጨት ለምታበስል እናት ቤት፣ ለዚያውም ለሕፃን፣ የሚመረጥ አይደለም።

ክሩን ለመለየት ጣት የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ይዞ፣ ልጆችን አርቆ፣ ከሥሩ በሳሕን ውኃ አስቀምጦ ክብሪት ማስነካት ነው። ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወው ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። የበግ ጠጉር በዝግታ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅለት በራሱ ይጠፋል። አክሪሊክ ግን ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ዶቃ የጠጠረ ጥቁር ነገር ይተዋል። የእኛው ክር ዶቃውን ተወ። ምራቲቱ ያንን በጣቷ እያገላበጠች ብዙ ዝም አለች። አራቱ ሹራብ አልቆ ነበርና።

አክስቴ በበኩላቸው፣ «አባቶቻችን ባናና በርኖስ የለበሱት ሞኝ ሆነው ነው?» ብለው የበግ ጠጉር አስመጡ። ጠጉሩ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ በዚያው በጥጡ እንዝርት ተፈተለ። የአገራችን በግ ጠጉር ሸካራ ስለሆነ ከሥሩ የጥጥ ሸሚዝ ካልለበሱ ይኮሰኩሳል። አጠባውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሱፍ ጭረት እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ገጽ ስላለው፣ በሙቅ ውኃ ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፣ ተመልሶም አይለጠጥም። እኔ ራሴ በልጅነቴ የወንድሜን ሹራብ በፈላ ውኃ አጥቤ ለአሻንጉሊት የሚሆን አድርጌዋለሁ። ለብ ባለ ውኃ ሳያሹ አጥቦ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ውኃውን አስመጥጦ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው።

እዚያ አገር የእጅ ሥራ ትርኢት የት ነው ቢሉኝ፣ እንግጫ ነቀላ ነው እላለሁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተማሪዎች ሥራቸውን በመድረክ ያሳያሉ፤ በምሥራቅ ጎጃም ግን ጳጉሜን ሲያልቅ ልጃገረዶቹ እንግጫውን ሊነቅሉ ወደ መስክ ሲወጡ ነው የየቤቱ ሙያ የሚታየው። ዳር የቆሙት እናቶች ጥልፉን ከፊት አያዩትም። የልጅቱን ቀሚስ ጫፍ ገልበጥ አድርገው፣ ከጀርባ በኩል ክሩ እንዴት እንደታሰረ ይመረምራሉ። ፍርዳቸውም ጠንካራ ነው።

ምራቲቱ ላዘዟት ሁሉ እውነቱን ነገረቻቸው። ሁለት እናቶች እጅጌው በሱፍ ተለውጦላቸው፣ ደስ ሳይላቸውም ቢሆን፣ ወሰዱ። አንዷ ቀብዷን መልሳ ተቀበለች። አንዷ፣ «እኔ ቤት ምድጃ የለም፣ በምጣድ ነው የምጋግረው፣ በኤሌክትሪክ» ብላ ሮዙን እንዳለ ወሰደች፤ ትክክልም ናት። ያልተጀመሩት ሁለቱ ከአክስቴ ፈትል እየተሠሩ ናቸው። እኔ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አንደኛው እስከ ብብት ደርሶ ነበር። የአክስቴ ጋቢ ግን ማጉ ስላልሞላ ለሚመጣው ክረምት አድሯል።