«ማውንቴን» ቢስክሌትና የዘጌ መንገድ

በዚህ ዓመት በግቢያችን በር ላይ አንድ አዲስ ነገር በርክቷል። ጎማው የወፈረ፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚጮኽ፣ በብረቱ ላይ ስሙ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ቢስክሌት ነው። ባለቤቶቹ «ማውንቴን» ይሉታል፤ እኛም እንደነሱ እንበለው። ይህ ቢስክሌት ያለው ወንድማችን ፔዳ በር ሲደርስ ወዲያው አይወርድም። አንድ ጊዜ ዞር፣ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ፣ የፊቱን አሞርዛተር ጫን ጫን አድርጎ ካስነጠረው በኋላ ነው የሚወርደው። ተመልካቹም ይከበዋል። አንዱ ማርሹን ይቆጥራል፤ አንዱ ጎማውን በጣቱ ይጫናል፤ ሌላው ዋጋውን ይጠይቅና ዝም ይላል።

ባሕር ዳር የቢስክሌት ከተማ መሆንዋ ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። ምድርዋ ሜዳ፣ ጎዳናዋ ሰፊ ነው፤ የዘንባባውም ጥላ አለ። ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ነጋዴው ወደ ገበያ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የኖረው በዚያ ጥቁር ባለ አንድ ማርሽ ቢስክሌት ነው። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለቢስክሌተኛ የራሱን መንገድ ለይቶለታል። እንግዲህ ቢስክሌት በኛ ከተማ መጫወቻ ሳይሆን እግር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። አዲስ እግር ሲመጣ ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል።

ስለዚህ ከነዚህ አዳዲስ ቢስክሌቶች ሦስቱን ከባለቤቶቻቸው ለምነን ነዳናቸው። በከተማው አስፋልት ላይ ሁለት ሳምንት፣ የመንገዱ ሰላም በፈቀደበት በአንድ ቅዳሜ ደግሞ እስከ ዘጌ። የምንጽፈው የመጀመሪያ አስተያየታችንን ነው፤ የመካኒክ ምስክርነት አይደለም። የቢስክሌቶቹን ስምና የሻጩን ቤት አናነሣም፤ ነገራችን ከዕቃው ጋር ነውና።

በመጀመሪያ ግን ይህ «ማውንቴን» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ የምርምር ክፍል የወጣ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ማሪን በሚባለው አውራጃ ጥቂት ወጣቶች ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም የሆነ አሮጌ ቢስክሌቶችን ከየጓዳው አወጡና ታማልፓይስ በሚባል ተራራ ቁልቁለት ላይ ይለቁአቸው ጀመር። ከ1976 ጀምሮ በዚያው አካባቢ ያደርጉት የነበረው ውድድር «ሪፓክ» ይባላል፤ ትርጉሙ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ምክንያቱም የነዚያ አሮጌ ቢስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ስለነበረ፣ ከአንድ ቁልቁለት በኋላ ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው በኖ ያልቅና እንደገና መሙላት የግድ ይሆን ነበር። በኋላ ጆ ብሪዝ፣ ቶም ሪቺ፣ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የተባሉት ሰዎች ለዚሁ ሥራ የታሰበ ብረት አሠርተው ለገበያ አቀረቡት።

ይህንን ታሪክ ያመጣነው ለጌጥ አይደለም። የማውንቴን ቢስክሌት አባቶች መጀመሪያ የተጨነቁት ስለ መዝለል ሳይሆን ስለ መቆም እንደነበረ ለማሳየት ነው። እኛ እያስነጠርን የምንደነቅበት አሞርዛተር ለገበያ የበቃው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በግቢያችን በር ላይ ግን ማርሽ የሚቆጥር እንጂ ፍሬን የሚሞክር አንድ ሰው እስካሁን አላየንም።

ወደ አስፋልቱ እንመለስ። በሜዳ መንገድ ላይ አዲሱ ቢስክሌት ከአሮጌው ይከብዳል። ርካሹ አሞርዛተር ብቻውን ከ2 ኪሎ ይበልጣል። ፔዳሉን በኀይል በረገጥን ቁጥር የፊቱ ጎንበስ ቀና ስለሚል፣ ከጉልበታችን ከፊሉ መንገዱን ሳይሆን ሞላውን ይገፋል። ጥርሳሙ ጎማ በአስፋልት ላይ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል። ከፔዳ ወደ ዘንዘልማ ስንሄድ አንድ ሸማ የለበሱ ሽማግሌ በጥቁሩ ባለ አንድ ማርሽ ቢስክሌት፣ ከኋላቸው ሙሉ ጆንያ ጭነው፣ ሳይቸኩሉ አልፈውን ሄዱ። ሰላምታም ሰጡን።

«21 ማርሽ» የሚለውም ነገር ሊገለጽ ይገባዋል። ከፊት ሦስት ጥርሰ ጎማ፣ ከኋላ ሰባት፤ ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ። የሒሳቡ ትምህርት ትክክል ነው። ነገር ግን ከፊት ትልቁን፣ ከኋላም ትልቁን ቢይዙት ሰንሰለቱ ይንጋደዳል፤ ትንሹን ከትንሹ ቢያገናኙትም እንዲሁ። ከቀሩት ውስጥም ብዙዎቹ እርስ በርስ የሚቀራረቡ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ሦስቱ ቢሠሩ ሌሎቹ ሥራ ፈት ናቸው።

ዘጌ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ፍርዳችንም መለወጥ ነበረበት። ኮረኮንቹ ላይ የወፈረው ጎማ መሬቱን እንደ ፍየል ኮቴ ይይዛል። ትንሹ ማርሽ ዳገቱ ላይ እውነተኛ ወዳጅ ነው፤ በጥቁሩ ቢስክሌት ወርደን እንገፋው የነበረውን ሁሉ ተቀምጠን ወጣነው። እሰየው! ያመሰገንነው ግን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ብቻ ነው። ከሦስቱ በአንደኛው የዲስክ ፍሬኑ ሽቦ ላልቶ ቢጨብጡት ቢጨብጡት የሚይዝ አልሆነም፤ በሁለተኛው ዲስኩ ተጣሞ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። አሞርዛተሩ ደግሞ ደህና ድንጋይ ባገኘ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምጦ ኳ! ይላል እንጂ አያለሰልስም። ይህ ሁሉ የተሠራው በር ላይ ቆሞ ለመነጠር ነው እንዴ? ተባባልን።

ዘጌን የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ወደ ጣና የገባ የምድር ምላስ ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና ሌሎችንም ገዳማት ያቀፈ ደን ነው። በደኑ ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል። ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ነው በሚባለው ሥርዓት መሠረት ምድሩ በበሬ አይታረስም፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆመውም ስለዚሁ ነው ይባላል። የዚያ አገር ጭነት የሚጓዘው በሰው ጀርባና በታንኳ ነው። ማገዶው በደንገል ታንኳ ተጭኖ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ከተማ ሲመጣ ያላየ ተማሪ ካለ ከመጻሕፍት ቤት አልወጣም ማለት ነው።

በዚያ ቅዳሜ አንዲት እናት የማገዶ ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው ቢስክሌቶቻችንን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ፣

«ልጆቼ፣ ዕቃ የሚጫነው የቱ ላይ ነው?» አሉን።

«መጫኛ የለውም፣ እማማ» አልናቸው።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ብረት ምን ይሠራል?»

መልስ የሰጠ ከመካከላችን አልነበረም። እኛ የፊቱን መነጠር፣ የማርሹን ቁጥር፣ የቀለሙን ድምቀት ስንመረምር ሁለት ሳምንት ቆይተናል፤ ሸክም ያለበት ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው በኋለኛው ጎማ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ምንም የለም። አዲሱ ቢስክሌት ጓደኛ አያፈናጥጥም፤ ጤፍ አይጭንም፤ እናቱን ጤና ጣቢያ አያደርስም። ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ የጥያቄያቸው መልስ ከቅርብ ጎረቤት ይገኛል። ከላይ ስማቸውን ከጠራናቸው ሰዎች አንዱ የሆነው ቶም ሪቺ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ወደ ሩዋንዳ ሄዶ ነበር። ቡና አምራቾቹ ጭነታቸውን እንዴት እንደሚያጓጉዙ አየ። ከዚያ የማውንቴን ቢስክሌትን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ይህ ሰው ለሩዋንዳ ገበሬ የነደፈው አሞርዛተር አይደለም፤ የኋላው ረዥም ሆኖ የቡና ጆንያ የሚጫንበት ቢስክሌት ነው። በዚያ አገር የተለቀመው እሸት ቡና ሳይውል ሳያድር ወደ ማጠቢያው መድረስ ስላለበት፣ ፍጥነቱም ገንዘብ ነበረ። የዘጌ ቡና በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ ችኮላው ያን ያህል አይደለም፤ የጆንያው ክብደት ግን ያው ነው። ያችው ሩዋንዳ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ቢስክሌት ሻምፒዮናን በኪጋሊ አስተናግዳለች፤ ውድድሩ በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። ጆንያ መጫንና መወዳደር በአንድ አገር ውስጥ አይጣሉም ማለት ነው።

ይህንን የምንለው አንዳንድ ወንድሞቻችን «እናንተ የስፖርት ጠላቶች ናችሁ» እንዳይሉን ነው። አይደለንም። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጉዞዋ በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልበርን የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ ቢስክሌተኞችም ነበሩ፤ በቡድን ዘጠነኛ ወጥተዋል። ጽጋቡ ገብረማርያም በ2008 ዓ.ም. የፈረንሳይን ዙር ሲጀምር ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰው ነበረ። ለመወዳደር የሚሠለጥን ተማሪ ካለ ቀላልና ጥሩ ማውንቴን ይግዛ፤ እንደግፈዋለን። ከፔዳ እስከ ሻይ ቤት ለሚሄደው ግን ሌላ ነገር እንመክረዋለን።

ስለ ልብሱና ስለ መሣሪያውም ጥቂት እንበል። ጓንት፣ ጥቁር መነጽር፣ ጠባብ ሱሪ፣ የውኃ ጠርሙስ ከነመያዣው፤ ይህ ሁሉ ከቢስክሌቱ ጋር መጥቷል። ሄልሜት ግን ከሦስቱ ባለቤቶች አንዱ ብቻ አለው፤ እሱም ከመሪው ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ሲጠየቅ ጠጉሩን ያበላሽበታል። የሄልሜት ሥራው ቀላል ነው፤ በውስጡ ያለው ፎም ራስህ ከመሬት ሲጋጭ በራስህ ፋንታ ይደቅቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከባድ ግጭት የደረሰበት ሄልሜት ዳግመኛ አይለበስም፤ ከላይ ደህና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል። ግንባርን ሸፍኖ፣ ከአገጭ በታች ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ድረስ መታሰር አለበት። ከባጃጅና ከጭነት መኪና መካከል እየተሹለከለክን የምንውል ሰዎች መዳፋችንን በጓንት ሸፍነን አንጎላችንን ለነፋስ መስጠታችን ያሳፍራል። እህቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላሉ ለማለት ብንፈልግም፣ ወደ ቢስክሌቱ ራሱ የምናቀርባቸው ጥቂት በመሆናቸው መመስከር አልቻልንም። የዚህም ጥፋት የእነሱ አይደለም።

የጥገናው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ጥቁሩ ቢስክሌት ሲበላሽ ከመንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ በውኃ ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋ የሚያወጣውን ቀዳዳ አግኝቶ፣ በማስቲሽ ለጥፎ ይሰድሃል። አዲሱ ሲመጣበት ግን እጁን ያጥፋል። የጎማው መጠን አንዱ 26፣ አንዱ 27.5፣ አንዱ 29 ኢንች ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የዲስክ ፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ምትኩ በቅርብ አይገኝም። ታንኳን አስቡት። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፤ ሠሪው እዚያው ነው፤ አጣሪው እዚያው ነው። በጥቂት ወራት ቢበሰብስም ሌላ ለመሥራት ወደብ የሚያስጠብቅ ነገር የለውም። በሠሪው እጅ ያለ ዕቃ ማለት እንዲህ ነው።

ስለ ደኑም አንድ ቃል አለን። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በቡናው መካከል አቋራጭ የሚያወጣ ቢስክሌተኛ በዚያ ቅዳሜ አይተናል። የእግር መንገዱ ለገዳማውያኑና ለሸክም ተሸካሚው ይበቃል። ጥርሳም ጎማ በክረምት ጭቃ ላይ የፈለፈለው ቦይ ግን ጎርፍ ይጠራል፤ የቡናውንም ሥር ያራቁታል። ስለዚህ ቢስክሌት ከመንገዱ ጫፍ ይቁም፤ ወደ ገዳማቱ በእግር ይገባ። ይህ ብዙ ድካም አይደለም።

እኛ የምንጠይቀው የተማሪዎች ማኅበራችንን ነው። ለጭፈራ ምሽት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ተቀንሶ አሥር ሄልሜቶች ይገዙ፤ ለዘጌና ለሩቅ ጉዞ የሚወጣ ሁሉ በፊርማ እየወሰደ ይመልስ። አንድ የመሣሪያ ሣጥን በግቢው ይቀመጥ፤ ቁልፎች፣ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ የፍሬን ሽቦ፣ የሦስቱም መጠን ከመነዳሪ ይኑርበት። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደግሞ በከተማው ካሉት ብረት በያጆች ጋር ተነጋግረው ለማውንቴኑ የኋላ መጫኛ ይንደፉ፤ ለፈተና ሃምሳ ዓይነት ማሽን የሚስሉ ልጆች ይህ አይከብዳቸውም። ሐሳቡ በሚመጣው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይቀርባል። የሚቃወም ካለ መጥቶ ይከራከረን፤ በማውንቴኑ የሚመጣ ከሆነም አንድ ጓደኛውን አፈናጦ ይምጣ፤ መጫኛ ካለው።