ሞርሞኖች ስለ መድኃኒታችን ምን ይላሉ? «አያምኑም»ም «ያው ነው»ም አያዋጣም

የሞርሞኖች ነገር ሲነሳ እኛ ሐበሾች ያሉን መልሶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው «እነሱ እኮ በክርስቶስ አያምኑም፣ ጆሴፍ ስሚዝን ነው የሚያመልኩት» የሚል ነው። ሁለተኛው «ኧረ ተዉ፣ እነሱም ጌታ ነው የሚሉት፣ ያው ነው» የሚል ነው። እኔ ሁለቱም ልክ አይደሉም ባይ ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንየው።

ለምን ያሳስበኛል? ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሁለት ሁለት ሆነው በር የሚያንኳኩት ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት እኛን ሳይሆን ልጆቻችንን ነው። እኛ ወይ ሥራ ላይ ነን፣ ወይ ከሌሊት ፈረቃ ገብተን ተኝተናል። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ 18 ወር ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ትሑቶች ናቸው። መጽሐፈ ሞርሞንም በአማርኛ ተተርጉሟል። የአንዲት ወዳጄ ልጅ፣ ኮሌጅ የጀመረች ናት፣ «እማዬ፣ እነሱም ኢየሱስ ነው የሚሉት፤ ታዲያ ልዩነታችን ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናት «ዝም በይ፣ መናፍቃን ናቸው» አለች። ልጅቷ ዝም አለች፤ መልስ ግን አላገኘችም።

መጀመሪያ እውነቱን እንናገር። ሰዎቹ በኢየሱስ ክርስቶስ እናምናለን ይላሉ፤ በስሙ ይጸልያሉ፣ በስሙ ያጠምቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1830 በኒውዮርክ ግዛት የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያናቸው ሙሉ ስሟ «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ነው። በ2018 መሪያቸው ራስል ኔልሰን «ሞርሞን» የሚለው ቅጽል ቀርቶ በዚህ ስም እንድንጠራ ብለው ጠይቀዋል። ለኃጢአታችን ተሰቃየ፣ በመስቀል ሞተ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ ብለው ያስተምራሉ። በጌቴሴማኒ ለተቀበለው መከራ ከሌላው ክርስቲያን ይበልጥ ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። ከትንሣኤው በኋላ በአሜሪካ ምድር ለነበሩ ሕዝቦች ተገለጠ የሚለው ትረካም የመጽሐፈ ሞርሞን ዋናው ክፍል ነው። እንግዲህ ለልጃችን «በክርስቶስ አያምኑም» ብንላት፣ በስልኳ አምስት ደቂቃ ፈልጋ ውሸት መሆኑን ታገኘዋለች። ከዚያ በኋላ እኛን ማን ይሰማናል?

ታዲያ ያው ነው? አይደለም። ጥያቄው «ታምናላችሁ ወይ?» ሳይሆን «የምታምኑት ማንን ነው?» የሚለው ነው። በእነሱ ትምህርት አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ አንድ የሆኑት በዓላማ እንጂ በባሕርይ አይደለም። አብ እንደ ወልድ ሁሉ የሥጋና የአጥንት አካል አለው። ኢየሱስ የሰማዩ አባት የመንፈስ ልጆች በኩር ነው፤ እኛም ሁላችን ሳንወለድ በፊት በመንፈስ የዚያው አባት ልጆች ነበርን። ስለዚህ ኢየሱስ አዳኛችን ብቻ ሳይሆን ታላቅ ወንድማችንም ነው ይላሉ። በብሉይ ኪዳን የተገለጠው ያህዌ እሱ ነው፣ አምላክ ነው ብለውም ያምናሉ።

ይኼ ከእኛ ጋር የሚለያየው በጥቃቅን ነገር አይደለም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ የተከራከሩት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ የለም፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ ነው ብለው ወሰኑ። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ጴንጤው በስንቱ ነገር የሚጨቃጨቁ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ሞርሞኖቹ ግን የኒቅያን ውሳኔ ከሐዋርያት በኋላ የገባ የሰው ፍልስፍና ነው ብለው አይቀበሉትም። በ2001 ቫቲካን የሞርሞን ጥምቀትን እንደማትቀበል ስታሳውቅ ምክንያቷ ይኸው ነበር። በጥምቀቱ ላይ የሚጠራው ስም የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ነው፤ በስሙ ውስጥ ያለው ትርጉም ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት አዳኙ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ከሞት መነሣት በክርስቶስ ምክንያት ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው ይላሉ። ከፍተኛው ክብር ግን ጥምቀትን ብቻ ሳይሆን በቤተ መቅደሳቸው የሚፈጸመውን ቃል ኪዳንና የጋብቻ ሥርዓት ይጠይቃል። እዚህ ላይ እኛ ጥቁሮች ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ጥቁር ወንድ ክህነት አይሰጠውም ነበር፤ ጥቁር ወንድም ሴትም ከእነዚህ የቤተ መቅደስ ሥርዓቶች ታግደው ነበር። በ2013 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዕገዳው ይሰጡ የነበሩትን ዘርን የተመለከቱ ምክንያቶች እንደማትቀበል በጽሑፍ አሳውቃለች። ጥሩ ነው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ የክርስቶስ ትልቁ ስጦታ በዚያ በር በኩል ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ በሩን ከመቶ ዓመት በላይ በቆዳ ቀለም የዘጋው ማን ነው? ለሚያንኳኩት ልጆች በትሕትና ሊቀርብ የሚገባ ጥያቄ ነው።

እኛም ንጹሓን ነን ማለቴ አይደለም። በሁለት ሲኖዶስ ተከፍለን፣ በ2018 ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ እርስ በርሳችን በር ስንዘጋ ኖረናል። ልዩነቱ፣ የእኛ መዘጋጋት የአባቶች ጠብ ነበር እንጂ ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ የእምነት ሕግ አልነበረም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ወላጆች፣ የራሳችንን እንወቅ። ልጆቻችን እሑድ እሑድ በማይሰሙት ግዕዝ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆመው ሲመለሱ «ክርስቶስ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በሚገባቸው ቋንቋ መልስ ይዘው ካልተመለሱ፣ መልስ ይዞ በር ላይ የቆመውን ሰው መውቀስ አንችልም። የየአጥቢያው አስተዳዳሪዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ ትምህርተ ሥላሴን በእንግሊዝኛም ቢሆን አስተምሩልን። ጥያቄ የሚያነሣን ልጅም አትቆጡት፤ የጠየቀው ስላሰበ ነው።

ለሚያንኳኩትም በር አንወርውርባቸው። የሰው ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ሩቅ ነች። ቡና አይጠጡም እንጂ ውሃ አይጠሉም። ውሃውን ሰጥተን፣ የሚሉትን ሰምተን፣ የእኛንም በእርጋታ እንንገራቸው።

ቸር ይግጠመን።