ደረሰኝ አማናን አይተካም



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው ብዙ ወጣት ሹፌሮቻችንን እንቅልፍ የነሳ ጉዳይ ነው። መኪናው ለሰርቪስ ጋራዥ ይገባል። ሲወጣ ካምቢዮው ይመታል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም። ባለቤቱ ሲመለስ «ስትመጣም እንዲሁ ነበር» ይባላል። መኪናውን በዕዳ ገዝቶ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ወጣት ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

ይህ የሰፈር ጋራዥ ችግር ብቻ እንዳይመስለን። የመኪናው አስመጪ ጋር የተሠራም ይበላሻል። ልዩነቱ እዚያ ማኅተም ያለው ደረሰኝ መኖሩ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ገንዘብ መከፈሉን እንጂ ሥራው በአማና መሠራቱን አይመሰክርም።

ነገሩ እንዴት ይፈጠራል? እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተመረቱትን አውቶማቲክ ቪትዞች እንውሰድ። ብዙዎቹ ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ አላቸው። በውስጡ የሚለዋወጡ ጥርሶች ሳይሆኑ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚሄድ የብረት ቺንጋ ነው ፍጥነቱን የሚቀይረው። ቺንጋው እንዳይንሸራተት የራሱ ዓይነት ዘይት ይፈልጋል። የተለመደውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከሞሉበት ቺንጋውም ፑሊውም ይበላል። ዘይቱ ቢያንስ ይንሸራተታል፤ ቢበዛ አረፋ ይሠራል። ልኩም የሚታየው ፋብሪካው ባዘዘው ሙቀት ላይ ነው። ከአንዳንድ ጥገና በኋላ ደግሞ የካምቢዮው ኮምፒውተር እንደገና መስተካከል አለበት። አንዷ ከተዘለለች ጤነኛ የነበረው ይታመማል።

ፍትሕ ግን ለሁለቱም ወገን ነው። አንዳንዱ ካምቢዮ ሲገባም ያለቀለት ነው፤ ጋራዥ ስለገባ ብቻ ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ መለጠፍ ዙልም ነው። እውነቱ የሚለየው አስቀድሞ በተጻፈ ነገር ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ! መኪናውን ስታስረክቡ ከመካኒኩ ጋር ንዱት፤ ያለበትንም ሁኔታ በጽሑፍ ተፈራረሙ። የተጨመረው ዘይት ስምና መጠን ደረሰኙ ላይ ይስፈር። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ጠይቁ። ስትረከቡም ሳትነዱ አትውጡ። ችግር ካያችሁ መንዳቱን አቁሙና ያኔውኑ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቆየ ቁጥር ጉዳቱም ክርክሩም ይበዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብትን መጠየቅ ጠብ አይደለም።

በጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞቻችን! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥበት ማግኘታቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ቢናገርም፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ነው የጠየቁት። የካምቢዮም ነገር እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ውስጡን ከፍቶ አያይም፤ የሚያየው የእናንተን ፊት ነው። የማታውቁትን ካምቢዮ «አላውቀውም» ብላችሁ ብትመልሱ የዛሬ ገቢ ይቀራል፤ ታማኝነታችሁ ግን የነገ ደንበኛ ያመጣል። ያበላሻችሁትንም ደብቃችሁ ከምትመልሱ ተናግራችሁ አስተካክሉ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን አማና ያለበት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።