የበረኛው ደመወዝ ከየትኛው በጀት ነው?

በወቅቱ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር የነበሩት ክሪስቲ ኖም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2026 ባወጡት ማስታወሻ፣ የኢሚግሬሽን ማቆያ መጎብኘት የሚፈልግ የኮንግረስ አባል ከሰባት ቀን በፊት እንዲያሳውቅ አዘዙ። የዋሽንግተን ዲሲዋ ፌዴራል ዳኛ ጂያ ኮብ ይህንኑ መሰል መመሪያ ካገዱ ገና ሦስት ሳምንት መሆኑ ነበር። ሚኒስቴሩ የዳኛዋን ትእዛዝ አልጣስኩም ባይ ነው። ዳኛዋ የጠቀሱት ክልከላ የሚሠራው በየዓመቱ በሚጸድቀው መደበኛ በጀት ላይ ብቻ ነው፣ አዲሱን መመሪያ ግን የማስፈጽመው በጁላይ 2025 በተፈረመው ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ ባገኘሁት ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ክልከላው አይነካኝም ይላል።

ስለ ስደተኞች አፈሳም ሆነ ስለ ማቆያዎቹ መጨናነቅ በዚህ ዓምድ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ከዚህች የገንዘብ ክርክር አልፌ መሄድ አልፈልግም። እሷ ዳኝነት ፊት ካለፈች ሌላው ሁሉ ተከትሏት ያልፋል።

ክርክሩ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳኛዋ የጠቀሱት የዓመታዊው በጀት ሕግ አንቀጽ 527፣ ሚኒስቴሩ በዚሁ ሕግ የተመደበለትን ገንዘብ ተጠቅሞ የኮንግረስ አባላትን ሰው ከተያዘበት ወይም ከሚያድርበት ተቋም እንዳይከለክል ያዛል፤ አባሉ አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ እንደሌለበትም በግልጽ ተጽፏል። አስቀድመው እንዲያሳውቁ ሊጠየቁ የሚችሉት ረዳቶቻቸው ናቸው፤ ያውም 24 ሰዓት። “በዚህ ሕግ የተመደበ ገንዘብ” የሚለውን ሐረግ ያስገባው ራሱ ኮንግረስ ነው። የጁላይ 2025ቱ ሕግ ደግሞ ለማቆያ ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር ሲሰጥ ያን ክልከላ ይዞ አልመጣም። ቀዳዳው አለ። ጥያቄው ሚኒስቴሩ በእርግጥ በዚያ ቀዳዳ ሊያልፍ ይችላል ወይ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እንይ። ሚኒስቴሩ የኮንግረስ አባላት 72 ሰዓት ቀድመው እንዲያሳውቁ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ መመሪያ ያወጣው በጁን 2025 ነው። የ45 ቢሊዮኑ ሕግ የተፈረመው ጁላይ 4 ቀን ነው። በሩ ሲዘጋ ገንዘቡ ገና አልነበረም። በጁን የተሰጠው ምክንያት ሌላ ነበር፤ የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት የአይስ የመስክ ቢሮዎች ማቆያ ስላልሆኑ ሕጉ አይመለከታቸውም የሚል። ያ ምክንያት በፍርድ ቤት አልቆም ሲል የገንዘቡ ምክንያት ተተካ። በሩ አንድ ሆኖ ምክንያቱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ የተወሰነው መዝጋቱ ነው፤ ምክንያቱ የተፈለገው በኋላ ነው።

ቀጥሎ ራሱን በሩን እንይ። አንዲት የምክር ቤት አባል ማቆያ ደርሳ መታወቂያዋን ስታሳይ የሚያስቆማት ሰው ደመወዙ ከየት ይከፈለዋል? መመሪያውን ያረቀቁት የሕግ ባለሙያዎች ከጁላይ በፊት የተቀጠሩ፣ ከዓመት ዓመት በመደበኛው በጀት የሚከፈላቸው ሠራተኞች አይደሉም? ጥያቄዋን የሚቀበለው ክፍል፣ ኢሜይሉ የሚላክበት ኮምፒውተር፣ የሕንፃው ኪራይ፣ የበረኛው አለቃ አበል፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ ልንል ነው? ማስታወሻው መመሪያው በአዲሱ ሕግ ገንዘብ ብቻ ይፈጸም ብሎ ማዘዙ እውነት ነው። ትእዛዝ ግን ሒሳብ አይደለም። አንድ መኮንን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የኮንግረስ አባል ሲመልስ በአዲሱ ገንዘብ፣ አራት ተኩል ላይ ምግብ የሚያመጣ መኪና ሲያስገባ በአሮጌው እንደሚሠራ የሚያሳይ መዝገብ ማን ይይዛል? ያን መዝገብስ ማን ይመረምረዋል? የሚመረምረው ኮንግረስ ነው፤ ሰባት ቀን ቆይ የተባለው።

ይህ ክርክር ካለፈ ጉዳቱ በኢሚግሬሽን አይወሰንም። ኮንግረስ በአስፈጻሚው አካል ላይ ያለው ዋነኛ ልጓም የገንዘብ ቦርሳ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ከግምጃ ቤት ሳንቲም የሚወጣው በሕግ ሲፈቀድ ብቻ ነው ይላል። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ቦርሳ ይዞ፣ የተከለከለውን ሁሉ ክልከላ በሌለበት ቦርሳ አደርገዋለሁ ማለት ከቻለ፣ በየዓመቱ የሚጻፈው ክልከላ ሁሉ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ደስ ያላቸው የምክር ቤት አባላትም ነገ በሌላ ፕሬዚዳንት ዘመን ይህንኑ መልስ ይሰሙታል።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ሰው በመስክ ቢሮ ውስጥ ባሉ የማቆያ ክፍሎች ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የአይስ የራሱ ደንብ ይከለክል ነበር። በጁን 2025፣ የጉብኝቱ መመሪያ በወጣበት በዚያው ወር፣ ይህ ገደብ ወደ 72 ሰዓት ከፍ አለ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና አስቡት። አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ለፍርድ ቤት ቀጠሮው ሄዶ ከኮሪደር ተይዞ ይወሰዳል፤ የዲስትሪክቱ ተወካይ በዚያው ሰዓት ብትሰማና ብታሳውቅ እንኳ የምትገባው ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ሰውየው የለም። በሰባት ቀንማ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ሉዊዚያና ወይም ቴክሳስ ደርሷል። እዚያ ላለው ማቆያ ደግሞ ሌላ ሰባት ቀን ይቆጠራል።

በማንሃተን 26 ፌዴራል ፕላዛ የሆነው ይህ ፍርሃት ከሐሳብ የመጣ አለመሆኑን ያሳያል። ሕንፃው ማቆያ አይደለም ተብሎ የኒው ዮርክ የምክር ቤት አባላት ጄሪ ናድለርና ዳን ጎልድማን ተመለሱ። በኋላ አንድ ተያዥ በስውር የቀረጸው ቪዲዮ ወጣ፤ ሰዎች ወለል ላይ ተኝተዋል። በኦገስት 2025 ዳኛ ሉዊስ ካፕላን ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 50 ስኩዌር ጫማ ቦታ፣ የመኝታ ምንጣፍ፣ ሳሙና፣ ከጠበቃ ጋር በስልክ የመነጋገር ዕድል እንዲሰጥ አዘዙ። ዳኛ ሳሙና እስኪያዝ መድረስ አልነበረበትም። ናድለር በመጡበት ቀን በሩ ቢከፈት ኖሮ በቂ ነበር።

ሚኒስቴሩ ያልታሰበ ጉብኝት ሠራተኞችን ከሥራቸው ያናጥባል፣ ደኅንነትም ያውካል ይላል። በሜይ 2025 ኒዋርክ በሚገኘው ዴላኒ ሆል ደጃፍ የሆነውን ግፊያና ትርምስ ሁላችንም አይተናል፤ የምክር ቤት አባሏ ላሞኒካ ማክአይቨርም በዚያው ሰበብ ተከሰዋል። ግን ጎብኚን መፈተሽ፣ አጅቦ ማስገባትና በሥርዓት ማስተናገድ አንድ ነገር ነው፤ ሳምንት ማስጠበቅ ሌላ። እስር ቤት ጎብኚ እንደሚመጣ ሲነገረው ምን እንደሚደረግ ከአገር ቤት ለመጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ግድግዳው ይቀባል፣ የታመመው ከዓይን ይሰወራል፣ ተናጋሪው እስረኛ ወደ ሌላ ግቢ ይዛወራል።

የኮንግረሱ ዓይን ይህን ያህል ያስፈለገው ሌሎቹ ዓይኖች ስለተዘጉም ነው። ሚኒስቴሩ በማርች 2025 የሲቪል መብቶች ቢሮውንና የማቆያዎችን እንባ ጠባቂ ቢሮ ሠራተኞች አሰናብቶ ከሞላ ጎደል ባዶ አስቀርቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ በማቆያ ያሉት ሰዎች ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ሰው በዝቶ ተቆጣጣሪ አንሷል።

ለእኛ ለሐበሾች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኮሎራዶዋ ኦሮራ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በግል ኩባንያ የሚተዳደር ትልቅ ማቆያም አላት። በፌብሩዋሪ 2019 የአካባቢው ተወካይ ጄሰን ክሮው ከዚያ ማቆያ በር ተመለሱ። የያኔው ክልከላ፣ በ2018 ልጆች ከወላጆች ሲለዩ ሴናተር ጄፍ መርክሊ በቴክሳስ ከደረሰባቸው ጋር ተዳምሮ፣ አንቀጽ 527ን ወለደ። በዲሴምበር 2019 ከበጀቱ ጋር የፈረሙትም ዶናልድ ትራምፕ ራሳቸው ናቸው። ክሮው በጁላይ 2025 እንደገና ከዚያው በር ተመለሱ። በዚያው ወር እሳቸውን ጨምሮ ክስ ከመሠረቱት 12 የምክር ቤት አባላት የመዝገቡ ቀዳሚ ስም ጆ ነጉሴ ነው፤ ከኤርትራ ስደተኛ ወላጆች የተወለዱት የኮሎራዶው ተወካይ። በጃንዋሪ 2025 በአሪዞና የአይስ ተያዥ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። በዲሴምበር ደግሞ ሚኒስቴሩ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠውን ጊዜያዊ ከለላ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ይህን ሁሉ አብሮ የሚያስብ ሰው የማቆያ በር ጉዳይ የጠበቆች ክርክር ብቻ ነው ብሎ ሊተኛ አይችልም።

አዲሱ ማስታወሻ የወጣው በሚኒያፖሊስ አንዲት ሴት በአይስ መኮንን ተተኩሶባት በሞተች ማግሥት ነው። ማስታወሻው ከወጣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚኒሶታ የምክር ቤት አባላት ኢልሃን ኦማር፣ አንጂ ክሬግና ኬሊ ሞሪሰን አይስ ሰዎችን ወደሚይዝበት ዊፕል ፌዴራል ሕንፃ ገብተው ጥቂት እንደቆዩ እንዲወጡ ተደረገ። የተሰጣቸው መልስ ሰባት ቀን አልሞላም የሚል ነበር። ከተማው ሲናጥ፣ መታየት ያለበት ነገር ገና ትኩስ ሳለ፣ ተመልሳችሁ በሌላ ሳምንት ኑ ተባሉ።

ዳኛ ኮብ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2026 ይህንንም ማስታወሻ ለጊዜው አገዱ፤ ሁለቱን ገንዘቦች በተግባር ለይቶ መያዝ እንደማይቻል በማመን። ልክ ናቸው። ነገር ግን የዳኛ እገዳ ኮንግረስ የተወውን ቀዳዳ አይደፍንም። ቀዳዳውን መድፈን የሚችለው ራሱ ኮንግረስ ነው፤ ሚኒስቴሩ ከየትኛውም ሕግ ባገኘው ገንዘብ የምክር ቤት አባልን ከማቆያ በር እንዳይመልስ የሚል ቋሚ አንቀጽ በመጻፍ። በከሳሾቹ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉም ዴሞክራቶች ናቸው። በሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫውን የያዘው ፓርቲ የራሱ አባላት ጭምር ስለተነጠቁት መብት ይህን አንቀጽ ይጽፍ እንደሆነ፣ እስካሁን ካየሁት ተነሥቼ፣ አይጽፍም ብዬ እፈራለሁ።