ስለማይጠይቅ ገንዘብ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በእኩዮችህ ዘንድ ዛሬ እጅግ ከሚወደሱት ሰዎች አንዱ፥ ገና በሐሳብ ላይ ላለ የሳይንስ ወይም የምሕንድስና ሥራ ገንዘቡን የሚያፈሰው ባለጸጋ ነው። ሥራውን ቬንቸር ካፒታል፥ ገንዘቡ የሚገባበትንም ጀማሪ ኩባንያ ስታርታፕ ይሉታል። ባንክ መያዣ ለሌለው ሰው አያበድርም፤ ይህ ባለጸጋ ግን ያለመያዣ ይሰጥና በምትኩ አክሲዮን ይይዛል። ሥራው ከከሸፈ ገንዘቡ ቀረ፤ ከተሳካ ግን እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመለስለታል። ይህን ሥራ አልነቅፍም። የምነቅፈው፥ «ብዙ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ነገርን ይገድላል፤ ባለራእዩን አምነህ ስጠው» የሚለውን አነጋገር ነው። ድፍረት ይምሰል እንጂ የስንፍና ልጅ ነው።

ነገሩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። በየማለዳው ጣቴን ወግቼ አንዲት ጠብታ ደም እለካለሁ፤ ቀጥሎም ኢንሱሊን እወጋለሁ። ኢንሱሊኑም ጠብታውም ለዚህ ክርክር የሚሆን ታሪክ አላቸው፤ ዘመኑን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር እየጻፍሁ ልንገርህ።

ቀድሞ ኢንሱሊን የሚገኘው ከታረደ ከብትና ዐሣማ ቆሽት ነበር። በ1976 በካሊፎርኒያ ሮበርት ስዋንሰን የተባለ ወጣትና ኸርበርት ቦየር የተባለ የሳይንስ መምህር፥ የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ ለማሠራት አስበው ጄነንቴክ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ከየኪሳቸው ያዋጡት አምስት አምስት መቶ ዶላር ነበር። ቶም ፐርኪንስ የተባለው ባለገንዘብ ሐሳባቸውን ሰምቶ፥ ይሳካል ብሎ ግን እርግጠኛ አልሆነም። ስለዚህ ላቦራቶሪ ከመሥራታቸውና ሠራተኛ ከመቅጠራቸው አስቀድሞ፥ ፈተናውን መሣሪያና ባለሙያ ባሉባቸው ተቋማት በውል እንዲያሠሩ መክሮ 100,000 ዶላር ሰጠ። በ1977 ከኢንሱሊን ያነሰና የቀለለ አንድ ሆርሞን ተሠራ። በ1978 ኢንሱሊኑ ራሱ ተሠራ፤ በ1982 የአሜሪካ መንግሥት ለሕመምተኞች እንዲሰጥ ፈቀደ። ገንዘቡ ከማስረጃው ኋላ ኋላ ተከትሎ መጣ። ፐርኪንስ ጠያቂ በመሆኑ የሞተ አዲስ ነገር ካለ ይነገረኝ።

የጠብታው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ2003 ኤልዛቤት ሆልምስ የተባለች የ19 ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቴራኖስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመች፤ ጥቂት ቆይታም ትምህርቷን ተወች። (ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚል ሰው በአጠገቧ አልተገኘም።) ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም ብዙ መቶ ዐይነት ምርመራ አደርጋለሁ አለች። የእኔ መለኪያ ከአንዲት ጠብታ የሚያነበው ስኳርን ብቻ ነው፤ ያንንም አንዳንድ ቀን ይሳሳታል። ሆኖም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰላት፤ በ2014 ኩባንያው 9 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተባለ። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ሲጠየቅ የንግድ ምስጢር ነው ይባል ነበር፤ ባለገንዘቦቹም ምስጢሩን እንደ ማስረጃ ቈጠሩት።

በ2015 መጀመሪያ ጆን ዮአኒዲስ የተባለው የስታንፎርድ ፕሮፌሰር፥ ይህ ሁሉ የሚወራለት ሥራ ሊቃውንት በሚመረምሩት የሳይንስ መጽሔት ላይ አለመታየቱን ጽፎ ገለጠ። በዚያው ዓመት ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ፥ አብዛኛው ምርመራ የሚደረገው ከሌሎች ኩባንያዎች በተገዛ የተለመደ መሣሪያ መሆኑን አጋለጠ። በ2016 ኩባንያው በራሱ መሣሪያ የተሠሩትን የሁለት ዓመት ውጤቶች ሰረዘ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ስንቱ ሰው ያንን ወረቀት ይዞ መድኃኒቱን ጨምሮ ወይም ቀንሶ ይሆን? ገንዘባቸው የጠፋባቸው ባለጸጎች አያሳዝኑኝም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔን የሚያስቈጣኝ የሕመምተኛው ነገር ነው፤ እርሱ አክሲዮን አልገዛም፥ በትርፉም ድርሻ አልነበረውም። ሆልምስ በ2022 ገንዘብ አስገቢዎችን በማታለል ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት።

መጠየቅ ከባድ ነበርን? ጉግል ቬንቸርስ የተባለው የገንዘብ ድርጅት ከሰዎቹ አንዱን እንደ ማንኛውም ደንበኛ የቴራኖስ ምርመራ ወደሚሰጥበት መድኃኒት ቤት ላከው። ከተወራው ጠብታ የበለጠ ደም ተጠየቀ፤ ድርጅቱም ገንዘቡን ሳያስገባ ቀረ። ዐሥር ደቂቃ ተራምዶ የሚደረስበት እውነት ነበር።

«ከጀማሪ ኩባንያዎች አብዛኞቹ ይወድቃሉ፤ ይህም አንዱ ውድቀት ነው» የሚሉኝ አሉ። መውደቅና መዋሸትን አንድ ማድረግ ነውር ነው። ሒሳብ ሳስተምር፥ መንገዱን በግልጽ ጽፎ መልሱን ለሳተ ልጅ ከግማሽ በላይ ነጥብ እሰጠው ነበር። ትክክለኛውን መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ ገልብጦ መንገዱን ለሚደብቀው ግን ባዶ። ልጆቹ ጨካኝ ይሉኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ባዶ እሰጠዋለሁ።

እኛ ሽማግሌዎችም ከዚህ ነቀፋ አናመልጥም። በቴራኖስ ቦርድ ላይ የቀድሞዎቹ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልዝ ተቀምጠው ነበር፤ ብዙ ሰው ያመነው የእነርሱን ስም አይቶ ነው። የሹልዝ የልጅ ልጅ ታይለር፥ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እዚያው ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ ስሕተቱን አየና ለአያቱ ነገረ። አያትየው ኩባንያውን አመነ። ልጁ ዝም ባለማለቱ የኩባንያው ጠበቆች ተነሡበት፤ ወላጆቹም ልጃቸውን ለማስጠበቅ ከ400,000 ዶላር በላይ አወጡ። የዶላሩ ዋጋ በየዘመኑ ይለያይ እንጂ፥ ይህ ፐርኪንስ ለኢንሱሊኑ ከሰጠው አራት እጥፍ ይበልጣል።